የመጫወቻ ባቡር ብልሽት፤ ምርመራውና የመለዋወጫው አያያዝ

ለባለሱቆችና ለአስመጪዎች የቀረበ ትምህርት

ንግድ ማለት ዕቃ ሰጥቶ ገንዘብ መቀበል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የባለሱቅ ስም የሚታወቀው ዕቃው ከመደርደሪያ ላይ ሳለ ሳይሆን ከገዢው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ዕቃው በጎ ሆኖ ቢያገለግል ባለሱቁ ይመሰገናል፤ ተበላሽቶ ቢመለስና የሚጠግነው ቢታጣ ግን የአንዲት ቀን ትርፍ የዓመት ደንበኛ ታስቀራለች። ይህም ነገር ከሁሉ ይልቅ በልጆች መጫወቻ ላይ ይታያል። ዐዋቂ ሰው ድስቱ ቢቀደድ ይናደዳል፤ ልጅ ግን መጫወቻው ቢሰበር ያለቅሳል፤ የልጅን ልቅሶ ያየች እናት ደግሞ የሸጠላትን ሰው በቶሎ አትረሳም።

በደባርቅና በዳባት ከተሞች፥ እንዲሁም ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ገበያዎች ሁሉ፥ ሐዲድ የተዘረጋበት ስፍራ የለም። ከጎንደር ወደ ዳባት 75 ኪሎ ሜትር፥ ወደ ደባርቅም 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚደርሰው መንገድ የመኪና መንገድ ነው፤ ከዚያም ወዲያ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውም እንዲሁ የመኪና መንገድ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ምድር ባቡርን የሚያውቀው በሥዕልና በቴሌቪዥን፥ ወይም አባቱ በበዓል ቀን በገዛለት መጫወቻ ነው። መጫወቻው ለእርሱ መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ ገና ያላየው የሩቅ ነገር ምሳሌ ነው። በመንገድ ላይ ቆሞ ቢቀርበት ኀዘኑ የሚበረታውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በገበያ ላይ ሲደርስ ማየት እንግዳ አይደለም። አንዲት እናት ለገና ዋዜማ ገብሷን ሸጣ፥ ከገንዘቧ ቀንሳ ለልጇ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ ባቡር ትገዛለች። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ታቅፋ ትመለሳለች።

«ጋሼ፥ ይኸ ባቡር ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ልጁ እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

«ልጁ ሰብሮት ይሆናል፥ እኅቴ። የተሸጠ ዕቃ አንመልስም።»

ሴትዮዋ ምንም ሳትመልስ ሳጥኑን ይዛ ትሄዳለች። ነገር ግን ባለሱቁ ባቡሩን ገልብጦ መንኰራኵሩን ቢያይ ኖሮ፥ ከጋቢ ጥለት የወጣ የጥጥ ክር በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ባገኘ ነበር። በመርፌ ለማውጣት ከአምስት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ፥ ከአንዲት መርፌም የበለጠ መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር። እርሱ የጠፋበት ግን የአንድ መጫወቻ ዋጋ ሳይሆን፥ ስኳሩንና ዘይቱን፥ ደብተሩንና ሳሙናውን ሁሉ ከእርሱ ስትገዛ የነበረች ደንበኛ ናት።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ባለሱቁን መካኒክ ለማድረግ አይደለም። በጠረጴዛው ላይ የቀረበለትን ባቡር በሥርዓት መርምሮ፥ እዚያው የሚቃናውን እንዲያቃና፥ መለዋወጫ የሚፈልገውን እንዲለይ፥ ከቶ የማይጠገነውንም በቅን ልቡና ለገዢው እንዲያስረዳ ለማድረግ ነው።

ከትልቁ ባቡር የሚገኝ ትምህርት

ስለ ትንሹ ባቡር ከመናገር በፊት ስለ ትልቁ ጥቂት ማስታወስ ይጠቅማል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የሁለቱ ሐዲዶች መራራቅ 1 ሜትር ነበር። በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ግን ስፋቱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በአሮጌው መስመር ይሄድ የነበረ ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ መንኰራኵሩም አይገጥምም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ባቡር ሁሉ ባቡር ተብሎ ቢጠራም ልኩ የተለያየ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የድሬዳዋው ወርክሾፕ የሚያስተምረው ነው። የአሮጌው ምድር ባቡር ሠራተኞች የተሰበረ ዕቃ በደረሳቸው ጊዜ ከባሕር ማዶ እስኪላክ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ለክተውና ቀርጸው እዚያው የሠሩት መለዋወጫ ብዙ ነው። መለዋወጫ የሌለው ባቡር የቆመ ብረት መሆኑን ያውቁ ነበርና። ይህ እውነት ክብደቱ በቶን ለሚቈጠረው እንደሚሠራ ሁሉ ከኪሎ ለማይበልጠውም ይሠራል።

የመጫወቻ ባቡርን ልክ በሥርዓት መድበው ለገበያ ካቀረቡት ቀደምት ፋብሪካዎች አንዱ ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው፤ ይህንንም ያደረገው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ ልኮች ተለምደዋል። ዛሬ እጅግ የታወቀው ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን፥ የሐዲዱ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ይህም ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ 1,435 ሚሊ ሜትር ለ87 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኤን የሚባለው ልክ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም ትልቁ ሐዲድ ለ160 ተካፍሎ የተገኘ ነው። በግቢ ውስጥ የሚዘረጋው ጂ የሚባለው ትልቅ ዓይነት ደግሞ 45 ሚሊ ሜትር አለው። መንኰራኵር ወይም ሐዲድ የሚያዝዝ ነጋዴ አስቀድሞ ይህን ልክ በማስመሪያ ለክቶ መጻፍ አለበት።

የባቡሮቹ ዓይነት

በአገራችን ሱቆች የሚገኙት የመጫወቻ ባቡሮች በአራት ይከፈላሉ።

1ኛ፥ በእጅ የሚገፋ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ባቡር ነው። ፉርጎዎቹ የሚያያዙት በመንጠቆ ወይም በማግኔት ነው።

2ኛ፥ በሞላ የሚሄድ ባቡር ነው። በቁልፍ ሲጠመዘዝ ሞላው ይጠቀለላል፤ ሲፈታ መንኰራኵሩን ያዞራል።

3ኛ፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ ባቡር ነው። በፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ይሽከረከራል፤ ሐዲዱ መንገድ ያሳየዋል እንጂ ኃይል አይሰጠውም። በትናንሽ ከተሞች ዋጋው ስለሚቀንስ ይበልጥ የሚሸጠው ይህ ነው።

4ኛ፥ ኃይሉን ከብረት ሐዲድ የሚቀበል የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። የቤቱን መብራት ትራንስፎርመር ዝቅ አድርጎ ወደ ሐዲዱ ይልከዋል። ብዙዎቹ የሚሠሩት እስከ 12 ቮልት በሚደርስ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው።

የምርመራ ሥርዓት

ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፥ ባለሱቅም ሳይመረምር ካቻቢቴ ማንሣት የለበትም። አስቀድሞ ገዢውን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መቼ ቆመ? ሲቆም ድምፅ ነበረውን? ከቆመ በኋላ ማን ነካካው? ከዚህ በኋላ ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይመርምር። በባትሪ በሚሄደው ባቡር መንገዱ እንዲህ ነው፤ ከድንጋዩ ወደ መንኪያው ብረት፥ ከብረቱ ወደ ማብሪያና ማጥፊያው፥ ከማጥፊያው በሽቦ ወደ ሞተሩ፥ ከሞተሩ ወደ ጥርስ መዘውሮቹ፥ ከመዘውሮቹ ወደ ዘንጉና ወደ መንኰራኵሩ ነው።

ድምፁ ምርመራውን እኩሌታ ያሳጥራል። ባቡሩ ምንም ድምፅ ከሌለው ችግሩ ከሞተሩ በፊት ወይም በሞተሩ ውስጥ ነው። ሞተሩ እየጮኸ መንኰራኵሩ ካልዞረ ችግሩ ከሞተሩ በኋላ፥ ማለት በጥርስ መዘውሮቹ ነው። መንኰራኵሩ እየዞረ ባቡሩ ባለበት ከተንሸራተተ ደግሞ ችግሩ በጎማው ወይም በሐዲዱ ላይ ነው። ይህን ሦስት ልዩነት ያወቀ ሰው የማያስፈልገውን ክፍል ከመፍታት ይድናል።

ድምፅ የሌለው ባቡር

ሀ) ድንጋዩ፤ የአንድ ድንጋይ ኃይል አንድ ቮልት ተኩል ነው። በቴስተር ሲለካ ድንጋዩ ያለ ሥራ ተቀምጦ ሳለ ደኅና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ግን ያታልላል። መለካት የሚገባው ሞተሩ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። በዚያን ጊዜ ከ1 ቮልት በታች የሚወርድ ድንጋይ አልቋል። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ማደባለቅም ክልክል ነው፤ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ብርቱው በግድ ኃይል ያሳልፍበታልና ድንጋዩ ያፈሳል። በደባርቅ ብርድ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ድንጋይ ጠዋት ሲደክም ቢታይ ወዲያው አይጣል፤ ብርድ የድንጋይን ኃይል ስለሚቀንስ ከቤት ገብቶ ሲሞቅ እንደገና ይፈተን።

ለ) መንኪያው ብረት፤ ድንጋይ በውስጡ ተረስቶ የከረመ ባቡር ሲከፈት በሞላው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይታያል። አልካላይን ከሚባለው ድንጋይ የወጣ ከሆነ፥ ጥጥ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክሮ መጥረግ፥ ቀጥሎም በትንሽ ውኃ በረጠበ ጨርቅ አጥርቶ ፈጽሞ ማድረቅ ነው። ፈሳሹ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንት ማድረግ ይገባል። ዝገቱ ሞላውን በልቶት ከሆነ ሞላውን መለወጥ ነው። ሞላው ደኅና ሆኖ ከላላ ደግሞ በጥቂቱ መሳብ ይበቃዋል።

ሐ) ማጥፊያውና ሽቦው፤ ልጅ ባቡሩን በጣለው ጊዜ ሽቦው ከተበየደበት ይላቀቃል። ሽቦውን በቀስታ ነካ በማድረግ መፈተን ይቻላል። የተላቀቀ ሽቦ በየከተማው ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ በቶሎ የሚበይደው ነው። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሮ ቢበይዳቸው ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይህም ቢሆን ሌላ ብልሽት ስላልሆነ መልሶ ማቀያየር ብቻ ነው።

መ) ሞተሩ፤ አንድ አዲስ ድንጋይ በሁለት ቁራጭ ሽቦ በቀጥታ ከሞተሩ ሁለት ጫፎች ጋር ይገናኝ። ሞተሩ ከዞረ ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ከእርሱ በፊት አለ። ካልዞረ ዘንጉን በጣት ማዞርና እንደገና መሞከር ነው። ያን ጊዜ ጥቂት ዞሮ የሚቆም ሞተር በውስጡ ያሉት መንኪያዎቹ አልቀዋል፤ ትንሽ ሞተር ስለሆነ ከመጠገን መለወጥ ይረክሳል።

ደግነቱ፥ በአያሌ ርካሽ መጫወቻዎች ውስጥ የሚገኘው ሞተር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በነጋዴዎች ዘንድ 130 በሚለው ቁጥር ይታወቃል። ቁመቱ 25፥ ወርዱ 20፥ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የዘንጉ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ልክ በዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቡቺ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ከባቡር የወጣውን ሞተር ለመተካት የግድ ከባቡር ፋብሪካው ማዘዝ አያስፈልግም፤ ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና የወጣ ደኅና ሞተርም ልኩና ቮልቱ ከተስማማ ይሆናል።

የሚጮኽና የማይሄድ ባቡር

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ክር፥ ፀጉርና የምንጣፍ ጭረት ነው። ጥጥ በሚፈተልበት ቤት ይህ ብልሽት አዘውትሮ ይደርሳል። ባቡሩን ገልብጦ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን በመርፌና በትንሽ መቀስ ማውጣት ነው።

ዘንጉ ንጹሕ ከሆነ ከሞተሩ ጫፍ ላይ የተሰካው ትንሽ ጥርስ መዘውር ይታይ። ይህ ፕላስቲክ በዘንጉ ላይ ተጨንቆ ስለሚቀመጥ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል። በሙጫ ማጣበቅ የጥቂት ቀን መፍትሔ ነው፤ ሙጫውም ወደ ሞተሩ ውስጥ ቢገባ ሌላ ጥፋት ያመጣል። ትክክለኛው መንገድ መለወጥ ነው።

አዲስ ጥርስ መዘውር ለማዘዝ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ የጥርሱ ቁጥር፥ የውጭ ስፋቱና የቀዳዳው ልክ። በመጫወቻ ላይ የተለመደው የጥርስ ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። ለመፈተን ጥርሶቹን ቈጥሮ 2 መጨመርና ድምሩን ለሁለት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ባለ 8 ጥርሱ ከ2 ጋር 10 ይሆናል፤ እኩሌታው 5 ነውና የውጭ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ባለ 10 ጥርሱም 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተለካው ከዚህ ጋር ካልተስማማ ጥርሱ የሌላ ልክ ነው፤ ቢገጠምም ጐረቤቱን ጥርስ ይበላል። የጥርሱ ቁጥር መለወጥም አይገባም፤ የባቡሩን ፍጥነትና ጉልበት ያዛባልና።

የሚንሸራተት ወይም ከሐዲድ የሚወጣ ባቡር

በሚነዱት መንኰራኵሮች ላይ የጎማ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት በዘይትና በፀሐይ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ሲለወጥ የሚለካው አሮጌው ቀለበት አይደለም፥ ተለጥጦ ልኩን ስቷልና፤ የሚለካው በመንኰራኵሩ ላይ የተቀመጠበት ቦይ ነው። ጊዜያዊ መፍትሔ የሚፈልግ ሰው ቀጭን ላስቲክ ቢያስርበት ለጥቂት ቀን ያገለግላል።

ባቡሩ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ላይ ብቻ ከሐዲድ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው፤ መጋጠሚያው በትክክል አልገባም ወይም ወለሉ ወጣ ገባ ነው። በየስፍራው የሚወጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ የመንኰራኵሩ ነው። አንድ ፉርጎ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ያንን ፉርጎ ለይቶ መመርመር ነው። በምርመራ ጊዜ ፉርጎዎቹን ሁሉ ፈትቶ አንድ በአንድ ማያያዝ ጥፋተኛውን ያለ ድካም ያወጣዋል።

ኃይሉን ከሐዲድ የሚቀበለው ባቡር

በዚህ ዓይነት ላይ ብልሽት ተብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዕድፍ ነው። ሐዲዱና መንኰራኵሩ ሲያድፉ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ባቡሩም እየተንገጫገጨ ይቆማል። በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግን ስሕተት ነው፤ የሚቀረው ጭረት ዕድፉን ይበልጥ ይሰበስባልና። ሐዲዱን ከሐዲድ የሚያገናኘው ትንሽ ብረት ከላላም በፒንሳ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ነው።

ትራንስፎርመሩ በድንገት ኃይል መስጠት ካቆመ ሁለቱ ሐዲዶች በብረት ተነካክተው ይሆናል። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል፤ በሐዲዱ ላይ የወደቀ መርፌ፥ የፀጉር መያዣ ወይም ሳንቲም ይፈለግ። ከዚያም ባቡሩ ሁሉ ከሐዲዱ ይነሣና እንደገና ይሞከር። ኃይሉ ከተመለሰ ጥፋቱ በባቡሩ ነው፤ ካልተመለሰ በሐዲዱ፥ በሽቦው ወይም በራሱ በትራንስፎርመሩ ነው።

መንኰራኵር ለሚለውጥ ሰው አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚህ ባለሁለት ሐዲድ ዓይነት፥ የብረት መንኰራኵሮቹ በዘንጉ በኩል እንዳይገናኙ ቢያንስ አንደኛው በፕላስቲክ ተለይቶ የተሠራ ነው። ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ይህ መለያ የሌለውን ቢገጥሙ ሁለቱ ሐዲዶች ይገናኛሉ፤ ባቡሩም አይሄድም። የሜርክሊን ባለ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ባቡር ኃይሉን በሐዲዱ መካከል በሚገኙ ነጥቦች በኩል የሚቀበል ስለሆነ፥ ልኩ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቢሆንም መንኰራኵሩን ከእነርሱ ጋር ማቀያየር አይገባም።

ትራንስፎርመርን በሚመለከት ባለሱቅ ከቶ አይክፈተው፤ የቤት ኤሌክትሪክ ይገድላል። ሲለወጥ አራት ነገር ይነበብ፤ የሚቀበለው ቮልት፥ የሚሰጠው ቮልት፥ የሚሰጠው አምፔር፥ የሚሰጠው ፍሰት ቀጥተኛ ወይም ተለዋዋጭ መሆኑ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ትራንስፎርመር ግን የሚቀበለው 120 ቮልት ስለሆነ፥ ያለ ማውረጃ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ባቡር በመጀመሪያው ቀን የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። የሚሰጠው ቮልት ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን፤ አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል።

መለዋወጫ ስለ ማከማቸት

የመለዋወጫን ጥቅም በሒሳብ ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የቀረቡ ናቸው። አንድ ባለሱቅ 24 ባቡሮች እያንዳንዱን በ600 ብር ገዝቶ በ750 ብር ቢሸጥ፥ የገዛበት 14,400 ብር፥ የሸጠበት 18,000 ብር፥ ትርፉም 3,600 ብር ነው። አራቱ ተበላሽተው ቢመለሱና የአራቱን ገንዘብ ቢመልስ፥ በእጁ የሚቀረው 15,000 ብር ነው፤ ትርፉም ወደ 600 ብር ይወርዳል። ነገር ግን አስቀድሞ የ400 ብር መለዋወጫ ገዝቶ አራቱን ቢጠግን፥ ትርፉ 3,200 ብር ይሆናል። ስለዚህ በ400 ብር መለዋወጫ 2,600 ብር አዳነ ማለት ነው፤ ያዳነው የደንበኛ እምነት ሳይቈጠር።

በሱቅ ሊገኙ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፤ ባለ 130 ቁጥር ሞተር፥ ባለ 8ና ባለ 10 ጥርስ መዘውሮች፥ ልዩ ልዩ የጎማ ቀለበቶች፥ የባትሪ ቤት ሞላና ብረት፥ የባትሪ ቤት መክደኛ ብሎኖች፥ የፉርጎ መቀጣጠያ መንጠቆዎችና ትርፍ ሐዲዶች። ከመሣሪያ ደግሞ ትናንሽ ካቻቢቴዎች፥ ፒንሳ፥ መርፌ፥ ቴስተርና በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ ይበቃሉ። ከቶ የማይጠገን ባቡር ቢመለስም አይጣል፤ ተፈትቶ መንኰራኵሩ፥ መንጠቆውና ሞላው ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። እያንዳንዱም በየብልቃጡ ተለይቶ ከየትኛው ባቡር እንደ ወጣ ይጻፍበት።

የተመለሰ ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ይያዝ፤ የተሸጠበት ቀን፥ የተመለሰበት ቀን፥ ብልሽቱ፥ የተደረገለት ጥገና። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ያነበበ ባለሱቅ የትኛውን ዓይነት እንደገና እንደሚያዝ፥ የትኛውንም እንደሚተው ያለ ግምት ያውቃል።

ለአስመጪዎች

ከአዲስ አበባ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፥ የአንድ ብር መለዋወጫ በኋላ ለብቻው ቢታዘዝ ማጓጓዣው ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ መለዋወጫ መታዘዝ ያለበት ከባቡሮቹ ጋር በአንድ ጊዜ ነው። አስመጪ ለፋብሪካው ሲጽፍ የሞዴሉን ቁጥር፥ የክፍሎቹን ሥዕልና የመለዋወጫውን ዝርዝር አብሮ እንዲልክለት ይጠይቅ።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ መጫወቻ ባቡር የሚገኘው በ9503 ቁጥር ነው፤ ለመጫወቻው ብቻ የሚያገለግሉ ክፍሎችም እዚያው ይመደባሉ። ለብቻው የመጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በ8501፥ ትራንስፎርመር በ8504፥ የባትሪ ድንጋይም በ8506 ይመደባል። በደረሰኙ ላይ ሁሉንም በአንድ መስመር «የመጫወቻ ዕቃ» ብሎ መጻፍ በጉምሩክ ክርክር ያስነሣልና እየለያዩ መጻፍ ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ሲደነግግ፥ ገዢም ዕቃውን በተመቸው ጊዜ ፈጥኖ እንዲመረምር ያዛል። ይህ አስመጪንም ባለሱቅንም ይመለከታል። ጭነቱ በደረሰ ጊዜ ከየካርቶኑ ጥቂት ባቡሮች ወጥተው በድንጋይ ቢፈተኑ፥ ጉድለቱ ለላኪው በወቅቱ ሊገለጽ ይችላል። ለበዓል ዋዜማ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ የተገኘ ጉድለት ግን የሚቀበለው አያገኝም።

ከትርፍ የሚበልጥ ጥንቃቄ

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደው ነገር የልጁ ደኅንነት ነው። እንደ አዝራር ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ የሊትየም ባትሪ በአንዳንድ መጫወቻዎች ውስጥ ይገኛል። ይህን ባትሪ ልጅ ቢውጠውና በጉሮሮው ላይ ቢያዝ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን በብርቱ ሊያቃጥለው ይችላል። ተውጧል ተብሎ ከተጠረጠረ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ስለዚህ የባትሪ ቤት መክደኛው ብሎን የጠፋ መጫወቻ ሳይጠገን መሸጥ ወይም መመለስ አይገባም፤ ዋጋው ሳንቲም የሆነ ብሎን የልጅ ሕይወት ይጠብቃልና።

ከእንጨት ባቡር የተላቀቀ ማግኔትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ሁለት ማግኔቶች ከተዋጡ በአንጀት ውስጥ ተሳስበው ያቈስላሉ። መለዋወጫ ሆኖ የተለቀመ ትንሽ ክፍል ሁሉ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የተከለከለ ነው የሚል ምልክት ያለበትን ባቡር ባለሱቁ ለገዢው አንብቦ ይንገር፤ ማንበብ የማትችል እናት ብትሆን ይህን የምታውቀው እርሱ ሲነግራት ብቻ ነውና።

እንግዲህ ያችን ሳጥኗን ታቅፋ የመጣች እናት ባለሱቁ እንደገና ቢያገኛት ምን ያደርጋል? ወንበር ይሰጣታል፤ ባቡሩን ገልብጦ ያያል፤ ክሩን በመርፌ ያወጣል፤ በጠረጴዛው ላይ ሐዲዱን ገጥሞ አንድ ዙር ያስኬደዋል። ለዚህ ገንዘብ አይጠይቅም። እርሷም ሳጥኑን ዘግታ ከመውጣቷ በፊት ስኳርና ሳሙና ትገዛለች፤ ሰፈሯም ስትደርስ ለጐረቤቷ ትነግራለች። በደባርቅና በዳባት ገበያ፥ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር፥ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።